የሽቦ ቋንቋ፡ «ኦሪጅናል ነው» ከሚለው ቃል በስተጀርባ

በ2014 ዓ.ም. ታላቅ እህቴ የኮንዶሚኒየም ቤቷን ተረክባ የውስጥ ሥራውን ስታሠራ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ግዢው የእኔ ድርሻ ሆነ፡፡ «አንተ ኢንጂነር አይደለህ? ማን ያታልልሃል?» ነበር ያለችኝ፡፡ እውነትም የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምሬ ከ20 ዓመት በላይ በሙያው ሠርቻለሁ፡፡ መርካቶ ሄጄ አንድ ሱቅ ገባሁና «ሁለት ነጥብ አምስት ሽቦ ስንት ነው?» አልኩ፡፡ ሻጩ መልሶ «ኦሪጅናሉ ነው ኖርማሉ?» ሲል ጠየቀኝ፡፡ «ኦሪጅናሉን» አልኩት፡፡ ከፍዬ፣ ጥቅሎቹን መኪና ላይ ጭኜ ተመለስኩ፡፡

እህቴ ቤቱ ገብታ ጥቂት ወራት እንደቆየች፣ የፋሲካ ሰሞን እንጀራ ስትጋግር ከምጣዱ ሶኬት ጀርባ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት፡፡ ሶኬቱ ጠቁሮ ግድግዳው ሞቆ ነበር፡፡ ብሬከሩ ግን አልወረደም፡፡ የጠራነው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በዕድሜ የገፋ፣ ሙያውን ከሥር ጀምሮ የተማረ ሰው ነው፡፡ ሽቦውን ስቦ አወጣና ጫፉን በቢላዋ ፋቀው፡፡ ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ! «ኢንጂነር፣ ይኼ እኮ መዳብ አይደለም፡፡ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው፡፡ ውፍረቱም ቢሆን ሁለት ነጥብ አምስት አይሞላም» አለኝ፡፡

ያፈርኩት መታለሌን ብቻ አይደለም፡፡ ሰውየው የነገረኝን ነገር ሁሉ በተማሪነቴ በእንግሊዝኛ ተፈትኜበታለሁ፡፡ ሱቁ ውስጥ ግን ከነዚያ ቃላት አንዱንም አልተጠቀምኩም፡፡ ለማጭበርበር የሚመቸው ቦታ ይኼው ነው፤ በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛና በገበያው አማርኛ መካከል ያለው ክፍተት፡፡ «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ስለ ሽቦው ምንም አይናገርም፡፡ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት አምፒር እንደሚሸከም፣ ስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚችል አይገልጽም፡፡ ቤት የሚያሠሩ አንባቢያን እኔ ያልጠየቅኩትን እንዲጠይቁ ዋና ዋናዎቹን ቃላት እንደሚከተለው አቅርቤያለሁ፡፡

ሽቦ እና ኬብል

በዕለት ተዕለት ንግግራችን ሁለቱን እያቀያየርን እንጠቀምባቸዋለን፡፡ በሙያው ግን ልዩነት አላቸው፡፡ ኮረንቲ የሚሄድበት ብረት አስተላላፊ ይባላል፡፡ አስተላላፊውን በቀጥታ የሚሸፍነው ኮረንቲ የማያሳልፍ ፕላስቲክ ወይም ጎማ ደግሞ ልባስ ነው፡፡ አንድ አስተላላፊ ከልባሱ ጋር በግድግዳ ውስጥ በተቀበረ የፕላስቲክ ቱቦ የምንስበው ሽቦ ነው፡፡ እንዲህ ያሉ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሽቦዎች በአንድ የጋራ የውጭ ሽፋን ሲታቀፉ ኬብል ይሆናሉ፡፡ በውስጡ ያሉት እያንዳንዳቸው «ኮር» ይባላሉ፡፡ «ባለ ሦስት ኮር ኬብል» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው፡፡

ልባስና ሽፋንን መለየት ጠቃሚ ነው፡፡ የልባሱ ሥራ ኮረንቲውን መያዝ ሲሆን፣ የሽፋኑ ሥራ ደግሞ ልባሱን ከመፋቅ፣ ከውኃና ከፀሐይ መጠበቅ ነው፡፡ ልባስ ብቻ ያለው ሽቦ ያለ ቱቦ በኖራ ውስጥ መቀበር ወይም በጣሪያ ላይ መዘርጋት የማይገባውም ለዚህ ነው፡፡

መዳብ፣ አሉሚኒየም እና የሁለቱ ድብልቅ

ለኤሌክትሪክ ሥራ የሚውለው መዳብ በጣም የተጣራ ነው፡፡ የሌሎች ብረቶች የማስተላለፍ ችሎታ የሚለካው እ.ኤ.አ. በ1913 ከተወሰነ የመዳብ መመዘኛ ጋር እየተነጻጸረ ነው፡፡ መዳብ 100 ቢባል ለኤሌክትሪክ መስመር የሚውል አሉሚኒየም 61 ያህል ያገኛል፡፡ በመሆኑም አሉሚኒየም የመዳብን ሥራ እንዲሠራ ውፍረቱ 1.6 እጥፍ ገደማ መሆን አለበት፡፡ ክብደቱ ግን የመዳብ ሲሶ አካባቢ ስለሆነ፣ ወፍሮም እንኳ ከመዳቡ በግማሽ ያህል ይቀላል፡፡

ስለዚህ አሉሚኒየም በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፡፡ በየመንገዱ ምሰሶ ላይ የምናየው መስመር አሉሚኒየም ነው፡፡ ችግሩ ያለው በቤት ውስጥ፣ በትንንሽ መጋጠሚያዎች ላይ ነው፡፡ አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ኮረንቲ የማያሳልፍ ስስ ዝገት ያወጣል፡፡ በቡሎን ሲጠብቅ ደግሞ ቀስ በቀስ ይለጠጣል፤ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ መጋጠሚያው ይላላል፡፡ የላላ መጋጠሚያ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ደግሞ የበለጠ ያላላዋል፡፡ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1965 በኋላ የመዳብ ዋጋ ሲወደድ ብዙ ቤቶች በአሉሚኒየም ሽቦ ተሠርተው ነበር፡፡ የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ያስጠናው ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ1972 በፊት በአሉሚኒየም ሽቦ የተሠሩ ቤቶች መጋጠሚያዎቻቸው ለእሳት አደጋ ደረጃ የመድረስ ዕድላቸው ከመዳብ ቤቶች በ55 እጥፍ ይበልጣል፡፡

እኔን ያታለለኝ ሦስተኛው ዓይነት፣ ማለትም መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው፡፡ ይህ ምርት ሕጋዊ ጥቅም አለው፡፡ ለምሳሌ ለአንዳንድ የአንቴና ኬብሎች ይውላል፡፡ ከይዘቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ መዳብ ሲሆን የቀረው አሉሚኒየም ነው፡፡ ወንጀል የሚሆነው እንደ ንጹሕ መዳብ ሲሸጥ ነው፡፡

መለያው ቀላል ነው፡፡ ጫፉን በቢላዋ ይፋቁት፡፡ ውስጡም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ነጭ ከሆነ የለበሰ አሉሚኒየም ነው፡፡ እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ ላዩ ነጭ ሆኖ ውስጡ ቀይ የሆነ ሽቦ ቢያጋጥምዎ አይጣሉት፡፡ እሱ እንዳይዝግ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ስለሆነ ጥሩ ዕቃ ነው፡፡ ሽቦው ወደ ማግኔት ከተሳበ ደግሞ ውስጡ ብረት አለው ማለት ነውና ለቤት ሥራ አይሆንም፡፡

ሚዛንም ይረዳል፡፡ መቶ ሜትር ባለ 2.5 ሽቦ ውስጥ 2.2 ኪሎ ግራም ያህል መዳብ መኖር አለበት፡፡ ከነልባሱ ጥቅሉ 3 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፡፡ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ከሆነ ግን ከነልባሱ 2 ኪሎ አይሞላም፡፡ ጥቅሉ 100 ሜትር ይሁን 100 ያርድ መጠየቅዎንም አይርሱ፡፡ መቶ ያርድ 91 ሜትር ከግማሽ አካባቢ ነው፡፡

«ሁለት ነጥብ አምስት» የምን ልክ ነው?

የዚህ ቁጥር ሙሉ ስም 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፡፡ የሚለካው የሽቦው ዲያሜትር ሳይሆን ሽቦው በአግድም ሲቆረጥ የሚታየው የብረቱ ገጽ ስፋት ነው፡፡ ልባሱ አይቆጠርም፡፡ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ወፍራም ፕላስቲክ ለብሶ ብረቱ የቀጠነ ሽቦ ለዓይን ይሞላል፡፡ በካሊፐር የሚለኩ ከሆነ፣ የባለ አንድ ዘንግ መዳብ ዲያሜትር ለ1.5 ሽቦ 1.38 ሚሊ ሜትር፣ ለ2.5 ሽቦ 1.78፣ ለ4 ሽቦ 2.26፣ ለ6 ሽቦ 2.76 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፡፡ የእህቴ ቤት ሽቦ ተለክቶ 1.4 ነበር፡፡

በግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ብቻቸውን ለሚያልፉ፣ በፒቪሲ ለተሸፈኑ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ በ30 ዲግሪ ሙቀት የሚፈቅደው ለ1.5 ሽቦ 17.5 አምፒር፣ ለ2.5 ሽቦ 24፣ ለ4 ሽቦ 32፣ ለ6 ሽቦ 41 አምፒር ነው፡፡ በአንድ ቱቦ ብዙ ሽቦ ሲታጨቅ መጠኑ ይቀንሳል፡፡

አሁን የእህቴን ምጣድ እናስላው፡፡ ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት ነው፡፡ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ይሆናል፡፡ ከብሬከር ሳጥኑ እስከ ምጣዱ 15 ሜትር ቢሆን፣ ሽቦው ሄዶ ስለሚመለስ 30 ሜትር ነው፡፡ ትክክለኛ 2.5 መዳብ ቢሆን ኖሮ በዚህ መንገድ ላይ ወደ ሙቀት የሚለወጠው 57 ዋት ያህል ነበር፡፡ እኔ በገዛሁት ሽቦ ግን ወደ 147 ዋት ይደርሳል፡፡ በግድግዳ ውስጥ፣ ምንም አየር በሌለበት! ከዚህ በላይ የላላው መጋጠሚያ አለ፡፡

ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልወረደም? ይህ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ ነው፡፡ ብሬከሩ የ20 አምፒር ነበር፤ ምጣዱ የሚስበው 16 ነው፡፡ ለብሬከሩ ሁሉም ነገር ደኅና ነው፡፡ ብሬከር የሚመረጠው ሽቦውን እንዲጠብቅ ሲሆን፣ የሚመረጠውም በሽቦው ስም ነው፡፡ ሽቦው በስሙ የማይገኝ ከሆነ ብሬከሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፡፡

ከአሜሪካ ዕቃ ለሚያስመጡ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፡፡ የአሜሪካው የሽቦ መለኪያ ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል፡፡ እዚያ 12 የሚባለው 3.3 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ 10 የሚባለው ደግሞ 5.26 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፡፡

ባለ አንድ ዘንግ፣ የተገመደ እና ተጣጣፊ

አንድ ዓይነት ስፋት ያለው አስተላላፊ በተለያየ መንገድ ይሠራል፡፡ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ 60228 አራት ክፍሎችን ያስቀምጣል፡፡ ክፍል 1 ባለ አንድ ዘንግ ነው፤ ደረቅ ሆኖ የታጠፈበትን ቅርጽ ይይዛል፡፡ ክፍል 2 የተገመደ ነው፡፡ በብዛት የምናገኘው ሰባት ክር ያለው ሲሆን፣ አንዱ መሃል ሆኖ ስድስቱ ይከቡታል፡፡ ሌላ ረድፍ ሲጨመር 19፣ ቀጥሎ 37 ይሆናል፡፡ ክፍል 5 እና 6 እንደ ፀጉር በቀጠኑ ብዙ ክሮች የሚሠሩ ተጣጣፊ ናቸው፡፡

የትኛው ይሻላል የሚለው እንደ ቦታው ነው፡፡ ተጣጣፊው ለካውያ፣ ለማቀዝቀዣና ለሚንቀሳቀስ ዕቃ የተሠራ ነው፤ ደረቁ ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል፡፡ በአንጻሩ ተጣጣፊው ሽቦ በሶኬት ቡሎን ሥር በቀጥታ ሲጠብቅ ክሮቹ ይበታተናሉ፤ ግማሹ ከቡሎኑ ውጭ ይቀራል፡፡ ስለዚህ ጫፉ ላይ የብረት ቆብ ተጨፍልቆ ይደረግለታል፡፡

«ዲቫይደር» የምንለው ማከፋፈያ ገመድም የሚታወቀው በዚሁ ነው፡፡ በገመዱ ላይ 3×0.75 ተብሎ ከተጻፈ ለ6 አምፒር ያህል የተሠራ ነው፤ ለምጣድና ለምድጃ አይሆንም፡፡ 16 አምፒር እንዲሸከም 3×1.5 ያስፈልጋል፡፡ በአንዳንድ ገመድ ላይ በ«ኤክስ» ፈንታ «ጂ» የሚል ፊደል ይገባል፡፡ «3ጂ1.5» ማለት ከሦስቱ አንዱ አረንጓዴና ቢጫ የመሬት ሽቦ ነው ማለት ነው፡፡

ልባሱ የሚችለው ሙቀት

በቤታችን በብዛት ያለው ልባስ ፒቪሲ ነው፡፡ ርካሽ ነው፤ በቀላሉ አይቀጣጠልም፡፡ ግን አስተላላፊው ከ70 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅበት አልተሠራም፡፡ ከዚያ በላይ ሲቆይ ይለሰልሳል፤ ከዚያም ይደርቅና ይሰነጠቃል፡፡ የእህቴ ግድግዳ ሽታ ይኼ ነበር፡፡ «ኤክስኤልፒኢ» የሚባለው ደግሞ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የተሳሰሩ ፖሊኢትሊን ነው፡፡ ያለማቋረጥ 90 ዲግሪ ይችላል፡፡ ሾርት ሲፈጠር ለአፍታ እስከ 250 ዲግሪ ሲችል፣ ፒቪሲ ግን የሚችለው 160 ብቻ ነው፡፡ ለትልልቅ ኬብሎች ኤክስኤልፒኢ የሚመረጠው ለዚህ ነው፡፡

ሕንፃ ለሚያሠሩ የሚያስፈልጉ ሦስት የተለያዩ ቃላት አሉ፡፡ «እሳት የማያዛምት» ማለት ኬብሉ ራሱ እሳቱን ከቦታ ወደ ቦታ አያደርስም ማለት ነው፡፡ «እሳት የሚቋቋም» ማለት ግን በእሳት ውስጥም ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ ሥራውን ይቀጥላል ማለት ሲሆን፣ አስተላላፊው ብዙ ጊዜ በማይካ ጥብጣብ ይጠቀለላል፡፡ ለአደጋ ጊዜ መብራትና ለእሳት ማጥፊያ ፓምፕ የሚያስፈልገው ይኼኛው ነው፡፡ «ጭሱ አነስተኛና ከሃሎጅን ነፃ» የሚባለው ደግሞ ለጭሱ ነው፡፡ ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፡፡ ሰው በሚበዛበት ሆስፒታልና ሆቴል ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፡፡ ሦስቱን አንድ አድርጎ የሚሸጥ ነጋዴ ካጋጠመዎ ይጠንቀቁ፡፡

በሽቦው ላይ የተጻፈውን ማንበብ

ከአውሮፓ ደረጃ የተወሰደው ጽሑፍ እንዲህ ይነበባል፡፡ «ኤች 07 ቪ-ዩ» ሲል፣ «ኤች» በአውሮፓ አገሮች የጋራ ደረጃ የተሠራ፣ «07» ለ450/750 ቮልት፣ «ቪ» የፒቪሲ ልባስ፣ «ዩ» ባለ አንድ ዘንግ ማለት ነው፡፡ በመጨረሻው ፊደል ቦታ «አር» ካለ የተገመደ፣ «ኬ» ካለ ለቋሚ ዝርጋታ የሚሆን ተጣጣፊ፣ «ኤፍ» ካለ ለሚንቀሳቀስ ዕቃ የሚሆን ተጣጣፊ ነው፡፡ ከሁለቱ የቮልት ቁጥሮች የመጀመሪያው በሽቦውና በመሬት መካከል፣ ሁለተኛው በሁለት ሽቦዎች መካከል የሚፈቀደው ነው፡፡

በጀርመኖቹ አጻጻፍ «ኤን-ዋይ-ዋይ» የሚለው የመጀመሪያው ፊደል ደረጃውን የጠበቀ፣ ቀጥሎ የፒቪሲ ልባስ፣ በመጨረሻ የፒቪሲ ሽፋን መሆኑን ይናገራል፡፡ ከቻይና በሚመጣው ላይ «ቢቪ» ማለት የፒቪሲ ልባስ ያለው የመዳብ ሽቦ ነው፡፡ መሃሉ ላይ «ኤል» ገብታ «ቢኤልቪ» ካለ ግን አስተላላፊው አሉሚኒየም ነው፡፡ አንዲት ፊደል ናት፤ የሚለወጠው ግን የሽቦው ብረት ነው፡፡ ምንም ያልተጻፈበትን ሽቦ ደግሞ ማንም ቢምልበት አይግዙ፡፡

ቀለማት

በዓለም አቀፉ ደረጃ ሰማያዊ ለኒውትራል፣ ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ ለፌዝ፣ አረንጓዴና ቢጫ አብሮ የተቀባው ለመሬት ሽቦ ብቻ ነው፡፡ ይሁንና ቀለም እንደ አገሩና እንደ ዘመኑ ይለያያል፡፡ በቻይና ሦስቱ ፌዞች ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ናቸው፡፡ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. እስከ 2004 ድረስ ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ደግሞ ኒውትራል ነበር፡፡ ስለዚህ በአንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ጥቁሩ ሽቦ ኒውትራልም ፌዝም ሊሆን ይችላል፡፡ ቀለሙን አይተው ከመንካትዎ በፊት በመለኪያ ይረጋገጥ፡፡

ከመሬት በታችና ከምሰሶ በላይ

ከቆጣሪ ወደ ግቢ በመሬት ውስጥ የሚቀበር ኬብል ከዶማና ከአካፋ የሚጠብቀው ጥሩር ያስፈልገዋል፡፡ «አርመርድ» የሚባለው ይኼ ነው፡፡ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲታይ አስተላላፊ፣ ልባስ፣ ክፍተት መሙያ፣ የውስጥ ሽፋን፣ ከዚያ የብረት ሽቦ ጥሩር፣ በመጨረሻ የውጭ ሽፋን ይኖረዋል፡፡ ባለ አንድ ኮር ኬብል ከሆነ ግን ጥሩሩ ከአሉሚኒየም ይሠራል፤ ምክንያቱም በተለዋዋጭ ኮረንቲ ዙሪያ የሚፈጠረው ማግኔት የብረቱን ጥሩር ያሞቀዋል፡፡

በከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ላይ ደግሞ ምንም ልባስ የለም፤ ልባሱ አየር ነው፡፡ የተለመደው አስተላላፊ ጥንካሬ የሚሰጥ የብረት እምብርት ያለው፣ በአሉሚኒየም ክሮች የተከበበ ነው፡፡ የእንግሊዝ መሐንዲሶች ለየመጠኑ የእንስሳት ስም ሰጥተውታል፤ ጥንቸል፣ ውሻ፣ ተኩላ፣ የሜዳ አህያ እየተባለ ይጠራል፡፡ አሜሪካኖቹ በወፍ ስም ይጠሩታል፡፡ በጨረታ ሰነድ ላይ «ውሻ» የሚል አስተላላፊ አይተው የተሳሳተ ገጽ የከፈቱ የመሰላቸው የሒሳብ ባልደረቦች አጋጥመውኛል፡፡

እንግዲህ ሱቅ ሲሄዱ

«ኦሪጅናል ነው?» ብለው አይጠይቁ፡፡ ይልቁንም «አስተላላፊው ንጹሕ መዳብ ነው? ስንት ካሬ ሚሊ ሜትር ነው? በላዩ ላይ ምን ተጽፏል? ጥቅሉ ስንት ሜትር፣ ስንት ኪሎ ነው?» ይበሉ፡፡ ጫፉን እንዲፍቁት ይፍቀድልዎ፡፡ በደረሰኙ ላይም «ሽቦ» ብቻ ሳይሆን «2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ንጹሕ መዳብ» ተብሎ ይጻፍልዎ፡፡ መልሱ የማይጠፋው ነጋዴ ይሰጥዎታል፤ የሚጠፋው ይቆጣል፡፡ ሁለቱም መልስ ነው፡፡

የእህቴ ቤት ሽቦ ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ በድጋሚ ተዘረጋ፡፡ ወጪው የእኔ ነበር፤ መሆንም ነበረበት፡፡ ሁለተኛውን ግዢ የሄድነው ከዚያው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ሲሆን፣ እህቴም ቢላዋ ይዛ ተከትላን ነበር፡፡ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ እናቴ» ሲላት «እሱን ተወውና ጫፉን ስጠኝ» አለችው፡፡ ቸር ያሰንብተን፡፡